ስለ ሮበርትስፖርት፤ መልካም ሞገድ ስላላት አንዲት ጸጥተኛ የባሕር መንደር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ በጂኦግራፊ ክበብ ስብሰባ ላይ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የጂኦግራፊ ክበብ በዚህ የደስታ ሳምንት አንድ ንግግር እንድናሰማ በጠየቀን ጊዜ፥ ስለ ምን እንናገር ብለን ሦስታችንም ተመካከርን። ስለ ታላላቅ ከተሞች ብንናገር፥ እነርሱን በመጽሐፍም በሥዕልም ታውቋቸዋላችሁ። ስለዚህ ስማቸው በካርታ ላይ በትንሽ ፊደል ከሚጻፍ፥ በብዙ ካርታም ላይ ጨርሶ ከማይገኝ ስፍራዎች አንዱን መረጥን። ይኸውም በላይቤሪያ አገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለችው ሮበርትስፖርት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓመት፥ በኦገስት ወር፥ ለሥራ ወደ ላይቤሪያ በሄድን ጊዜ በዚያች መንደር አምስት ቀን ተቀምጠናል። ከዚህ በኋላም የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በክፍል ውስጥ ስለ ነፋስ፥ ስለ ውቅያኖስና ስለ ባሕር ጠረፍ የተማራችሁት ነገር በዚያ ስፍራ በዐይን ስለሚታይ ነው። ሁለተኛው፥ በዚያ አንድ ክርክር ሰምተን ስለ ተመለስን ነው። ክርክሩም፥ ጸጥ ያለና ያማረ ስፍራ ያየ ሰው ለሌላው ይንገር ወይስ ዝም ይበል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለላይቤሪያ ሰዎች ብቻ የተተወ እንዳልሆነ በንግግራችን መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስፍራው የት እንደ ሆነ እንናገር። ላይቤሪያ በምዕራብ አፍሪካ፥ በሴራሊዮን፥ በጊኒና በኮትዲቯር መካከል የምትገኝ አገር ናት። ነጻ ሪፑብሊክ መሆኗን ያወጀችው በጁላይ 26 ቀን 1847 ሲሆን፥ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ጆሴፍ ጄንኪንስ ሮበርትስ በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ በ1809 የተወለዱ ሰው ነበሩ። ሮበርትስፖርትም ስሟን ያገኘችው ከእርሳቸው ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ላይቤሪያ ባዕድ አገር አይደለችም። በ1960 ዓመት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አንድ ላይ ሆነው፥ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ይፈጽም ስለ ነበረው በደል በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰዋል። ፍርድ ቤቱ በ1966 ክሱን ባይቀበለውም፥ ሁለቱ አገሮች ለሌላው ወንድማቸው ጠበቃ ሆነው መቆማቸው በታሪክ ተጽፎ ይኖራል። በ1963 ዓመትም በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም ላይቤሪያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ስለዚህ በዚያ አገር «ከኢትዮጵያ መጣን» ስንል ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው እጃችንን ይጨብጡን ነበር።

ስለ እጅ አጨባበጣቸውም ጥቂት እንበል። ላይቤሪያውያን ሰላምታ ሲሰጣጡ እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ በኋላ፥ እጃቸውን ሲያላቅቁ የመካከለኛ ጣታቸውን ከሌላው ሰው ጣት ጋር አጋጭተው ያስጮኻሉ። ድምፁ ካልወጣ ሰላምታው እንደ ጎደለ ይቈጠራልና እስኪጮኽ ድረስ ደግመው ይሞክራሉ። እኛም በመጀመሪያው ቀን የልጆች መሳቂያ ሆነን፥ በሦስተኛው ቀን ግን እንደ አገሩ ሰው ማስጮኽ ችለን ነበር።

ከዋና ከተማው ከሞንሮቪያ እስከ ሮበርትስፖርት ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም። ነገር ግን የሄድንበት ወር የዝናብ ወር ነበረ። በላይቤሪያ ዝናቡ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ይዘንባል፤ በሞንሮቪያ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ4,000 ሚሊሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፥ የእኛ ክረምት ከእነርሱ ጋር ሲወዳደር እንደ ካፊያ ነው ማለት ይቻላል። ከዋናው መንገድ ወደ ባሕሩ ስንገነጠል መሬቱ ቀይ ጭቃ ሆኖ ጎማ ይይዝ ነበር፤ ሾፌራችንም ከጭቃው ጋር ሲታገል ቀኑ መሸብን።

ሮበርትስፖርት በወግ የግራንድ ኬፕ ማውንት አውራጃ ዋና ከተማ ናት። በመልኳ ግን የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በስተ ኋላዋ በደን የተሸፈነ ኮረብታ ቁልቁል ወርዶ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ዓመት በመርከብ ሲያልፉ ይህን ኮረብታ ከሩቅ አይተው በቋንቋቸው «የተራራ ራስ» ብለው ሰይመውታል፤ ኬፕ ማውንት የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። በሌላው ወገን የላይቤሪያ ትልቁ ሐይቅ ፒሶ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፥ በጠባብ አፍ ከባሕሩ ጋር ስለሚገናኝ ውሃው ከባሕሩ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በውሃ ላይ የሚያርፉ የአሜሪካ አውሮፕላኖች በዚህ ሐይቅ ላይ ያርፉ ነበር። ዛሬ ግን በሐይቁ ላይ የሚታዩት ታንኳዎችና የባሕር ወፎች ብቻ ናቸው።

በባሕሩ ዳር ያለው አሸዋ ብጫ ነው። በአሸዋው ጫፍ ላይ ግንዳቸው እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ታላላቅ የጥጥ ዛፎች ቆመዋል። ከዛፎቹ ሥር ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉና በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ታንኳዎች ተጋድመዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ሴቶች ዓሣ የሚያጨሱባቸው ዳሶች አሉ። ማታ ማታ የጢሱ ሽታ ከባሕሩ ጨው ጋር ተደባልቆ በመንደሩ ላይ ያርፋል። መብራቱ ጥቂት፥ ድምፁም ጥቂት ነው፤ ሌሊት ከሞገዱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

አሁን ስለ ሞገዱ እንናገር። ለዚህ መንደር ልዩ ጸጋ የሆነው እርሱ ነውና።

ብዙ ሰው ሞገድ ከዚያው ከባሕሩ ዳር የሚነሣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሮበርትስፖርት በኦገስት ወር የሚሰበረው ሞገድ የተወለደው በደቡብ አትላንቲክ፥ ከብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። በዚያ ወራት በደቡቡ የዓለም ክፍል ክረምት ስለ ሆነ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ በውቅያኖሱ ላይ ይነፍሳል። ነፋሱ በውሃው ላይ ብዙ ሰዓትና ብዙ ርቀት ሲነፍስ ለውሃው ኃይል ይሰጠዋል፤ ኃይሉም በሞገድ መልክ ወደ ሩቅ ይጓዛል። ልብ በሉ፤ የሚጓዘው ኃይሉ እንጂ ውሃው አይደለም። በስንዴ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ ዛላው እንደሚያጎነብስና እንደሚነሣ፥ ስንዴው ግን ከቦታው እንደማይሄድ ማለት ነው።

የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ይህን አስሉት። ከአንዱ ሞገድ እስከ ሌላው ሞገድ 15 ሴኮንድ የሚወስድ እንደ ሆነ፥ በጥልቅ ባሕር ላይ የሞገዱ ርዝመት 350 ሜትር ያህል ይሆናል። የሞገዱም ጭፍራ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ፥ እርሱ ራሱ ከጠፋ በኋላ፥ ሞገዱ በአምስተኛው ቀን ከመንደሩ ደጃፍ ይደርሳል ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስም ሳይኖር ባሕሩ ሲያገሣ የማይደነቁት ይህን በልምድ ስለሚያውቁት ነው።

ሞገዱ ወደ ጠረፍ ሲቀርብ፥ የባሕሩ ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት እኩሌታ ሲያንስ፥ ታችኛው ክፍሉ ወለሉን ይነካል። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ ያጥራል፤ ከፍታው ግን ይጨምራል። በመጨረሻም ውሃው ከሞገዱ ከፍታ እምብዛም የማይበልጥ ጥልቀት ሲኖረው፥ ራሱን መሸከም አቅቶት ይሰበራል። በብዙ ስፍራ ሞገድ በአንድ ጊዜ እንደ ግድግዳ ይናዳል፤ እንዲህ ያለው ለማንም አይመችም። በሮበርትስፖርት ግን ከደቡብ የመጣው ሞገድ በተራራው ራስ በኩል ይታጠፋል። ወደ መሬቱ የቀረበው ክንፉ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ስለሚያልፍ ይዘገያል፤ በጥልቁ ያለው ክንፉ ግን ይፈጥናል። ስለዚህ ሞገዱ በጠረፉ ዙሪያ ዞሮ፥ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እንደ መጋረጃ ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ ይሰበራል። ወደ መሬት ፊቱን ላዞረ ጋላቢ ሞገዱ ሁልጊዜ ወደ ግራው ይሄዳል። በመንደሩ ዳር እንዲህ ያሉ በርከት ያሉ ስፍራዎች ተራ በተራ ስላሉ፥ አንዱ ሲረበሽ ሌላው ደህና ይሆናል።

ፈረንጆች ሰርፊንግ የሚሉትን ጨዋታ እኛ ሞገድ ግልቢያ ብለነዋል። ጋላቢው በሳንቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ይጠብቃል፤ ሞገዱ ከኋላው ሲያነሣው ፈጥኖ በእግሩ ይቆምና፥ በተንጣለለው የውሃ ቁልቁለት ላይ ሳይወድቅ ይንሸራተታል። የጨዋታው ምስጢር ጉልበት አይደለም፤ ጊዜን ማወቅ ነው። ቀድሞ የተነሣ ከሞገዱ ፊት ይቀራል፤ ዘግይቶ የተነሣ ይጣላል።

ይህን ጨዋታ የሐዋይ ደሴቶች ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀው እንደ ነበር በዓለም የታወቀ ነው። በ1912 ዓመት በኦሊምፒክ በዋና ያሸነፈው የሐዋይ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ በየአገሩ እየዞረ አሳየው። በቶኪዮ በ2021 በተደረገው ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ዓይነት ሆኖ ገባ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የምዕራብ አፍሪካ ልጆችም ይህን ጨዋታ ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር። ጄምስ አሌክሳንደር የተባለ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1830ዎቹ ዓመታት በአክራ ጠረፍ ሲያልፍ፥ ልጆች ቀላል ሳንቃ ከሆዳቸው በታች አድርገው እየዋኙ ገብተው፥ ሞገድ ጠብቀው በላዩ ተሸክሟቸው ሲመለሱ ማየቱን ጽፏል። ደግሞም የክሩ ሕዝብ ታንኳ ቀዛፊዎች፥ መርከብ ሊጠጋው በማይችለው በዚህ ጠረፍ ላይ ዕቃና ሰው በሞገዱ ላይ አሳልፈው በማውረድ ለብዙ መቶ ዓመታት ስማቸው የተጠራ ነበረ። በሞገድ ላይ ታንኳ ማሳረፍና በሳንቃ መንሸራተት አንድ ዕውቀት ነው። እንግዲህ ዛሬ በሮበርትስፖርት ወጣቶች ሲጋልቡ ብታዩ፥ የእንግዳ አገር ጨዋታ ተዋሱ አትበሉ፤ የአያቶቻቸውን ዕውቀት በሌላ መልክ አነሡት ብትሉ ትክክል ነው።

ይህ ጨዋታ እንደገና የተነሣው ከብዙ መከራ በኋላ ነው። በላይቤሪያ ከ1989 እስከ 2003 ሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች ተደርገው እስከ 250,000 የሚገመት ሰው አልቋል። በሮበርትስፖርትም ጣራቸው የወደቀ፥ በውስጣቸው ዛፍ የበቀለባቸው የድሮ ቤቶች እስከ ሄድንበት ዓመት ድረስ ይታዩ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አልፍሬድ ሎማክስ የተባለ ላይቤሪያዊ ልጅ አንድ አጭር የሞገድ ሳንቃ አግኝቶ፥ አስተማሪ ሳይኖረው ራሱን ሞገድ ግልቢያ አስተማረ። ሰላም ከሆነ በኋላ የውጭ አገር ጋላቢዎች መጥተው ስለ እርሱና ስለ አገሩ ሞገድ ፊልም አነሡ። የመንደሩም ልጆች እርሱን አይተው ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ በ2014 የኢቦላ በሽታ ገባና በላይቤሪያ ከ4,800 በላይ ሰው ሞተ፤ እንግዳ ቀረ፤ ሳንቃዎቹም ከግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። እኛ በደረስንበት ጊዜ በሽታው አልፎ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ተመልሰው ነበር።

በመጀመሪያው ጧት አንድ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ወጣት ሊያስተምረን መጣ። አስቀድሞም ወደ ውሃው አላስገባንም። በአሸዋው ላይ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ባሕሩን ብቻ እንድናይ አዘዘን። ሞገዱ የቱ ጋ እንደሚሰበር፥ የቱ ጋ ደግሞ እንደማይሰበር አሳየን። የማይሰበርበት ጸጥ ያለው መስመር ለዋና የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን በሞገዱ ወደ ዳር የመጣው ውሃ ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ጅረት እርሱ ነው። በዚህ ጅረት የተያዘ ሰው ወደ መሬት ፊት ለፊት ቢታገል ደክሞ ይሰጥማል። ሳይደነግጥ ተንሳፍፎ፥ ከጠረፉ ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ መውጣትና ከዚያ በኋላ ወደ መሬት መመለስ አለበት። ተማሪዎች ሆይ፥ ከንግግራችን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፤ ወደ ባሕር ስትሄዱ ሕይወታችሁን ሊያድን ይችላል። ከዚያም በኋላ እስከ ወገባችን በሚደርስ ውሃ ውስጥ አስገብቶ አስጀመረን። ስንት ጊዜ እንደ ወደቅን መቍጠር ትተናል፤ በአራተኛው ቀን ግን ከሦስታችን አንዱ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ቆሞ ሄደ፤ በዳር ያሉትም ልጆች ሁሉ አጨበጨቡለት።

ይህ ወጣት ማታ ማታ አንድ ሌላ ነገር አሳየን። እርሱ የቫይ ነገድ ሰው ነው። የቫይ ሕዝብ የራሱ ፊደል እንዳለው ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1830ዎቹ ዓመታት በዚሁ በኬፕ ማውንት አገር ሞሞሉ ዱዋሉ ቡኬሌ የተባለ ሰው ፊደሉን አበጀው። ምልክቶቹ ከ200 ይበልጣሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱም ምልክት እንደ እኛው ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው ይይዛል። ይህን ፊደል ሰዎቹ የሚማሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ነው፤ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብም ይጽፉበታል። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የተባሉ ሊቃውንት ይህን መርምረው በ1981 ዓመት ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ወጣቱ ስማችንን በቫይ ፊደል ጻፈልን፤ እኛም የእርሱን በአማርኛ ጻፍንለት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከታቸው።

አሁን ወደ ተናገርነው ክርክር እንምጣ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለ ያዘን በአንዲት አሮጊት የዓሣ ማጨሻ ዳስ ውስጥ ተጠለልን። መንደርተኛው ሁሉ ሸምገል ያለችን ሴት በአክብሮት «ኦል ማ» ብሎ ይጠራል፤ እኛ እማማ እንደምንለው ነው። እርሳቸውም ትኩስ ዓሣ ከሩዝና ከካሳቫ ቅጠል ወጥ ጋር አቀረቡልን። ከበላን በኋላ ይህ ስፍራ በጣም ያማረ ስለ ሆነ ለአገራችን ሰዎች እንነግራለን ብለን ተናገርን። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦

«እናንተ ሦስት ናችሁ፤ መልካም ናችሁ። ዐሥር ብትሆኑም ዓሣ አለ። መቶ ብትሆኑ ግን ይህን ዳስ የት አደርገዋለሁ? እንግዳ የሚወደው ቦታ ይህ እኔ የተቀመጥሁበት ነው» አሉን።

ያ ያስተማረን ወጣት ከደጃፍ ቆሞ ይሰማ ነበር። ራሱን ዝቅ አድርጎ በአክብሮት እንዲህ አላቸው፦

«ኦል ማ፥ እውነትዎን ነው። ነገር ግን እንግዳ ካልመጣ እኔ ሥራ ፍለጋ ሞንሮቪያ እሄዳለሁ። እንደ እኔ ያሉት ሁሉ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ዓሣዎን ከታንኳ ማን ይሸከምልዎታል?»

አሮጊቷ አልመለሱለትም። እርሱም ሌላ አልጨመረም። ዝናቡ በጣራው ላይ ሲወርድ ሁላችንም እሳቱን እየተመለከትን ቆየን። እኛም ከሁለቱ ማናቸው ተሳስተዋል ለማለት አልቻልንም፤ አሁንም አንችልም።

ከተመለስን በኋላ ግን ሦስታችን ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ተወያይተንበታል። ያገኘነውንም ሐሳብ እናቀርብላችኋለን፤ የሚሻል ያለው ይጨምርበት።

በመጀመሪያ፥ ዝም ማለት መፍትሔ አይሆንም። ሞገዱ ያማረ መሆኑን የውጭ ጋላቢዎች ካወቁት ቆይቷል። ያልታወቀው የሞገዱ ነገር ሳይሆን፥ ከሞገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነገር ነው። ስለ ስፍራ የሚናገር ሰው ውሃውንና አሸዋውን ብቻ ካወደሰ፥ ሰሚው ስፍራው ባዶ ይመስለዋል። ባዶ የመሰለውን መሬት ደግሞ ማንም ሊወስደው ይመኛል። ስለዚህ ስንናገር ዳሱን፥ ታንኳውን፥ ፊደሉንና አሮጊቷን ጨምረን እንናገር።

ሁለተኛ፥ እንግዳ ከመብዛቱ በፊት መሬቱ የማን እንደ ሆነ ይታወቅ። ላይቤሪያ በሴፕቴምበር 2018፥ ማለት እኛ ከተመለስን ጥቂት ሳምንት በኋላ፥ የመሬት መብት ሕግ አውጥታለች። ሕጉ በልማድ የተያዘ መሬት የጽሑፍ ማስረጃ ባይኖረው እንኳ የማኅበረሰቡ መሆኑን ይቀበላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ዳስን ከመፍረስ አያድንም። መሬቱ መለካት፥ ድንበሩ መታወቅ፥ ሕዝቡም መብቱን አንብቦ መረዳት አለበት። ማንበብ ለምን ይጠቅማል ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ሦስተኛ፥ አሸዋው አይነካ። በላይቤሪያ ጠረፍ በሞንሮቪያ አካባቢ ባሕሩ ብዙ ቤቶችን በልቷል፤ ለቤት ሥራ ብለው ከባሕሩ ዳር አሸዋ መዛቅ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ከላይ እንደ ተናገርነው ሞገዱ መልክ የሚያገኘው ከባሕሩ ወለል ነው። ወለሉ ከተለወጠ ሞገዱም ይለወጣል። እንግዶችን ለማሳረፍ ሆቴል እንሠራለን ብለው አሸዋውን ቢወስዱ፥ እንግዳው የመጣበትን ነገር አጠፉት ማለት ነው።

አራተኛ፥ የእንግዳው ገንዘብ በመንደሩ ይቅር። ዓሣውን ከአሮጊቷ፥ ትምህርቱን ከወጣቱ፥ ማደሪያውን ከመንደርተኛው የገዛ እንግዳ፥ አሮጊቷንና ወጣቱን ያስታርቃቸዋል። ምግቡን ከከተማ ጭኖ መጥቶ፥ ሥዕል አንሥቶ የሚመለስ ግን ለመንደሩ የሚተውለት ቆሻሻ ብቻ ነው። ታንኳ በሚሳብበት ቦታና ሰዓት በሳንቃ አለመግባትም ከእንግዳ የሚጠበቅ ጨዋነት ነው። ዓሣ አጥማጁ ለእንጀራው፥ ጋላቢው ለጨዋታው ነው የሚገባው፤ ጨዋታ ለእንጀራ መንገድ መልቀቅ አለበት።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

ይህን ሁሉ ስለ ሩቅ አገር የተናገርነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ሐይቆች አሏት፤ በሐይቆቹም ዳር ጸጥ ያሉ መንደሮች አሉ። በ2021 ዓመት የወንጪ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ይህ ለሁላችን ደስታ ነው። ነገር ግን እንግዳ በሚመጣበት ስፍራ ሁሉ፥ በጀልባ ቀዛፊው፥ በፈረስ አከራዩና በዓሣ ሻጯ ዘንድ ያ በሮበርትስፖርት የሰማነው ጥያቄ ይነሣል። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ መሐንዲስ፥ ዳኛ፥ የአገር አስጎብኚ ወይም የመንደር ሹም ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ በፊታችሁ ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዷ ስፍራዋን እንዳታጣ የምትፈራ፥ ሌላው ሥራ አጥቶ እንዳይሰደድ የሚፈራ። የአንዱን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትፈርዱ አደራ እንላችኋለን።

እናንተም የጂኦግራፊ ክበብ አባሎች፥ በዕረፍት ጊዜያችሁ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፥ በካርታ ላይ ስሟ ያልተጻፈ አንዲት መንደር መርጣችሁ መርምሩ። ውሃዋ ከየት ይመጣል? መሬቱ የማን ነው? ሕዝቡ ምን ያውቃል? ወጣቱስ ለምን ይሄዳል? ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት አቅርቡ። እኛም የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ለመሆን ቃል እንገባለን።

ከሮበርትስፖርት በተነሣንበት ጧት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወጣቱ ሁለቱን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር፤ በሴፕቴምበር ትምህርት ሲከፈት ለመምህሩ እንደሚያሳያቸው ነገረን። እኛም ዛሬ የእርሱን ስም የጻፈበትን ሌላ ወረቀት ለክበቡ ቤተ መጻሕፍት አስረክበናል። ከግድግዳው ላይ ሰቅላችሁ፥ በስተ ግርጌው ምን ተብሎ እንደሚነበብ እናንተው ፈልጋችሁ ጻፉበት።

ትምህርት ቤታችን ብዙ ዓመት ይኑር።